የባዝራዋ ድድ ቢጫ ሆነ፤ ከሰባት ሳምንት በፊት የተወጋችው መርፌ ነው አሉኝ

የእንጅባራ_ልጅ ‖ ሰኞ፣ ሜይ 5፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው፤ ዛሬ ጭንቅ ይዞኝ ነው የምጽፈው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በሳምንት አራት ቀን አንዲት ትልቅ ሴትዮ ጋ ፈረስ እጠብቃለሁ፤ ጋጣ መጥረግ፣ ማብላት፣ ማውጣት፣ ማስገባት ነው ሥራዬ። አባቴ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው፤ ጥር 23ን ያየ ሰው ምን ዓይነት ቤት እንዳደግኩ ይገባዋል። ፈረስ አያስደነግጠኝም፤ ይሄ ግን አስደነገጠኝ።

አንዲት ዳማ ባዝራ አለችን። በበረዶው ወቅት ከጨረታ ነው የተገዛችው። እርጉዝ መሆኗ ኋላ ነው የታወቀው። ማርች 14 ሌሊት ወለደች። የክትባት ወረቀት ስላልነበራት ሐኪሙ በማግስቱ መጥቶ ለቴታነስ ወጋት። ውርንጭላዋ ጠባች፣ ተነሣች፣ ሮጠች። ሁሉ ደህና ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ባዝራዋ ድርቆሿን ተወችው። ዓርብ ዕለት ደጋግማ ታዛጋ ጀመር። ፈረስ ሲያዛጋ አይቻለሁ፤ እሷ ግን አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። ቅዳሜ ጠዋት ጋጣውን ስከፍት ግንባሯን ግድግዳው ላይ ተክላ ቆማለች። ስጠራት ጆሮዋን እንኳን አላዞረችም። ከንፈሯን ገልበጥ አድርጌ ሳይ ድዷ እርድ የነካው ይመስላል። አፍንጫዋ ላይ ያለው ነጭ ቆዳ ቀልቶ ተልጧል፤ ከጎኑ ያለው ቡናማው ምንም አልሆነም። ሽንቷ ጠቁሯል።

ሐኪሙ ደም ወስዶ ጉበቷ ነው አለ። «የሰጠኋት ሴረም ሊሆን ይችላል፣ በውስጡ ቫይረስ ይኖር ይሆናል» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። በመርፌ የገባ ነገር ሰባት ሳምንት ተደብቆ ይቆያል? ውርንጭላዋስ? ደግሞ ልንገራችሁ፣ ምራቋንም ደሟንም በባዶ እጄ ነክቻለሁ፤ እጄ ላይ ጭረት አለ።

---

ጋሪ_ነጂው ‖ ሰኞ ሌሊት

እህት ዓለም አይዞሽ። ይሄማ የታወቀው የወፍ በሽታ ነው። ጋጣው ጣራ ውስጥ የሌሊት ወፍ አለ እንዴ? የአክስቴ ልጅ ዓይኑ እንደዛ ቢጫ የሆነ ጊዜ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ተብሎ ቅጠል ጨምቀው አጠጡትና ተነሣ። እዚህ ቢሾፍቱ የሚያውቁ እማማ አሉ። ለፈረስ ይሰጡ እንደሆን ጠዋት ልጠይቅልሽ?

---

ጡረተኛው_ሐኪም ‖ ማክሰኞ ጠዋት

ጋሪ ነጂው፣ ልብህ ጥሩ ነው፤ የሌሊት ወፏን ግን ተዋት፣ እዚህ ነገር ውስጥ የለችበትም። ቅጠሉንም ተወው። ጉበቱ የወደቀ እንስሳ የማናውቀውን ቅጠል የሚያጣራበት አቅም የለውም።

የእንጅባራ ልጅ፣ የምነግርሽን ዛሬውኑ ለሐኪምሽ አንብቢለት፤ ሳያውቀው ቀርቶ ሳይሆን እንዳይረሳ ነው።

መጀመሪያ ከፀሐይ አውጧት፣ ጨለም ያለ ጋጣ ትግባ። ነጭ አፍንጫዋ የተላጠው በምክንያት ነው። ፈረስ ሣር ሲበላ የሣሩ አረንጓዴ ቀለም ሆዱ ውስጥ ሲፈርስ የሚወጣ ነገር አለ። ደህና ጉበት ያስወግደዋል። የታመመ ጉበት ግን ደም ውስጥ ይተወዋል፤ እሱ ቆዳ ሥር ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ቡናማው ቆዳ በቀለሙ ተጋርዶ ይተርፋል፣ ነጩ ይነድዳል። ብዙ ሰው ይህን ፀሐይ የመታው ቁስል ብሎ ቅባት ቀብቶ ያልፈዋል።

ግንባሯን ግድግዳ ላይ የተከለችው ደግሞ አንጎሏ ተመርዞ ነው። ከአንጀት የሚመጣውን አሞኒያና ሌላ ቆሻሻ ጉበት ካላጠበው ወደ ራስ ይወጣል። ማዛጋቱም የዚያው መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊቷ አትቁሚ፣ ግድግዳና በእሷ መሐል አትግቢ። ዓይኗ ማየት ሊያቆም ይችላል፤ ሳታውቅ ትደፈጥጥሻለች። እንድትረጋ ማስታገሻ ካስፈለገ ዛይላዚን ወይም ዴቶሚዲን በትንሹ ይሰጣል። ቫሊየም ግን አይሆንም፣ ያባብሰዋል። በደም ሥር ስኳር ያለው ፈሳሽ፣ አሞኒያውን የሚቀንስ ላክቱሎዝ በአፍ። አልፋልፋ አትስጧት፣ ፕሮቲኑ ይበዛል። ተራ የሣር ድርቆሽ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ።

ስለ ቢጫነቱ አንድ ነገር ልጨምር። ፈረስ ሁለት ሦስት ቀን ካልበላ ጉበቱ ደህና ሆኖም ዓይኑ ቢጫ ይላል። ስለዚህ ቢጫ ማየት ብቻውን አይበቃም። ያንቺ ሐኪም ጂጂቲና ኤኤስቲ የሚባሉትን የጉበት መለኪያዎች ደሟ ውስጥ ለክቶ ከፍ ብለው ካገኛቸው፣ ከማዛጋቱና ከሽንቱ ጋር ሲደመር፣ ልክ ነው፣ ጉበት ነው። በነገራችን ላይ ፈረስ ሐሞት የለውም። የሐሞት ከረጢት ሳይኖረው ነው የተፈጠረው፤ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ አንጀት ውስጥ ይፈስሳል።

---

ጋሪ_ነጂው

ቆይ ቆይ። ፈረስ ሐሞት የለውም? ዓድዋ የዘመተው ፈረስ? ዶክተር ይሄን ነገር እንጅባራ ሄደው አይናገሩት፣ ያባርሩዎታል።

---

የእንጅባራ_ልጅ ‖ ማክሰኞ ከሰዓት

እየተጨነቅኩ አሳቃችሁኝ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት፤ «ከነፈረሰኛው ነው ሐሞቱ የሚቆጠረው» አለኝና ዘጋው።

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጨለማ ጋጣ አስገብተናታል። ግሉኮሱ ገብቷል። ላክቱሎዙን በትልቅ ሲሪንጅ በጎን በኩል ስሰጣት ግማሹ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። እንደ ማር ነው የሚያጣብቀው። አሁንም ታዛጋለች። እርስዎ ግን የመርፌውን ጉዳይ ዘለሉት።

---

ተማሪው_ከጎንደር ‖ ማክሰኞ ማታ

የመርፌውን እኔ ልሞክር? ሴሚናር ያቀረብኩበት ነው፣ ዶክተር ያርሙኛል። የእንስሳት ሕክምና 5ኛ ዓመት ነኝ።

በሽታው የታይለር በሽታ ይባላል። አርኖልድ ታይለር ስዊዘርላንድ የተወለደ፣ ደቡብ አፍሪካ የሠራ የእንስሳት ሐኪም ነው። ፕሪቶሪያ አጠገብ ኦንደርስተፖርት የሚባለውን የምርምር ተቋም በ1908 ያቋቋመው እሱ ነው። (ሁሉም ዓመት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እኛም አገር የሚገድለውን «የአፍሪካ ፈረስ በሽታ» ለመከላከል ሕያው ቫይረስና ከዳነ ፈረስ ደም የተወሰደ ሴረም አንድ ላይ ይወጉ ነበር። ከክትባቱ ሳምንታት በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ፈረሶች ጉበታቸው ሟሽሾ ሞቱ። በ1918 ይህን የጻፈው ራሱ ታይለር ነው። የራሱ ሥራ ያስከተለውን ሞት ራሱ መዝግቦ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት ገዳዩ አልታወቀም። የሚታወቀው ከፈረስ ደም የተሠራ ነገር (የቴታነስ ሴረም፣ ፕላዝማ፣ ሌላም) ከተሰጠ ከ4 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ በሽታው ብቅ እንደሚል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሰባት ሳምንቱ የማይገርመው፤ እንዲያውም መሐሉ ላይ ነው። በ2012 ፈረስ ውስጥ ሄፓሲቫይረስ ተገኘ፤ የሰው ሄፓታይተስ ሲ የቅርብ ዘመዱ ነው። «ተያዘ!» ተባለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉበቱን ትንሽ ነካ አድርጎ የሚያልፍ ሆነ። በ2013 ሌላ ቫይረስ ተገኘና የበሽታው ስም እስከመሰጠት ደረሰ፤ እሱም ኋላ ነፃ ወጣ።

ከዚያ 2018። ነብራስካ ውስጥ የቴታነስ ሴረም ከተሰጠው በ65ኛው ቀን የሞተ ፈረስ ነበር። ጉበቱ ውስጥ ማንም ያላየው ፓርቮቫይረስ ተገኘ። እዚያው ሴረም ውስጥም አለ። ጤነኛ ፈረሶችን ቢወጓቸው ጉበታቸው ታመመ። ቀጥሎ እንዲህ ከሴረም በኋላ የታመሙ 18 ፈረሶች ተመረመሩ፣ 18ቱም ውስጥ ተገኘ።

---

ነፃ_ሰው ‖ ማክሰኞ ማታ

እኔ ሁሌም የምለው ይሄን ነው። መርፌ መርፌ ትላላችሁ፤ ክትባቱ ራሱ በሽታ ነው። አያቶቻችን ፈረስ ሲከትቡ አይተን እናውቃለን? ዓድዋ ድረስ በእግሩ ሄዶ የመጣ ፈረስ ማን ነው የወጋው?

---

ጡረተኛው_ሐኪም ‖ ረቡዕ ንጋት

ነፃ ሰው፣ የአያቶቻችን ፈረስ በቴታነስ ሲሞት መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጭራው ተገትሮ፣ አራት እግሩ እንደ መጋዝ መቆሚያ ደርቆ ነበር የሚሞተው። ያየ ሰው አይረሳውም። ከቤት እንስሳት ሁሉ ቴታነስ የሚበረታው ፈረስ ላይ ነው፤ ጀርሙ የሚኖረው ደግሞ እበቱና አፈሩ ውስጥ፣ ሰኮናው ሥር ነው።

ክትባትን ከሴረም ደባልቀሃቸዋል። አንተን ብቻ አልወቅስም፤ ሐኪሞቻችንም «የቴታነስ መርፌ» ብለን ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተን ሕዝቡን አደናግረናል። ክትባቱ ቶክሶይድ ነው። የጀርሙ መርዝ ተሰብሮ፣ መርዝነቱ ጠፍቶ፣ መልኩ ብቻ ይወጋል፤ የፈረሱ ሰውነት መከላከያውን ራሱ ያበጃል። በውስጡ የሌላ ፈረስ ደም የለም። የታይለርን በሽታ የሚያመጣበት መንገድ የለውም። ጉድለቱ ጊዜ መፈለጉ ነው፣ ዛሬ ተወግቶ ዛሬ አይደርስም።

ሴረሙ፣ ማለትም አንቲቶክሲኑ፣ ሌላ ነገር ነው። አንድ ፈረስ ደጋግሞ ይከተብና ደሙ መከላከያ ሲሞላ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ፣ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ለተወጋው እንስሳ ወዲያው ይሠራለታል። ችግሩ ያ ፈረስ ደሙ ውስጥ የያዘውንም አብሮ ሊያካፍል መቻሉ ነው። ፓርቮቫይረስ ደግሞ ከብዙ ቫይረስ ይልቅ ችኮ ነው፤ በሙቀትም በኬሚካልም ቶሎ አይሞትም።

እንግዲህ ያ ባዝራ ከጨረታ መጥታ ወረቀት የላትም፣ ገና መውለዷ ነው፣ ማኅፀኗ ክፍት ቁስል ነው። ቶክሶይድ ለዚያች ሌሊት አይደርስላትም። ሐኪሙ ሴረም ቢሰጣት እኔም እሰጣት ነበር።

---

ሲስተር_ሀ ‖ ረቡዕ

አንብቤ ደነገጥኩ። አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሚስማር ወግቶት ለሚመጣ ሰው የምንሰጠው ቲኤቲ (የቴታነስ አንቲቶክሲን) እኮ የፈረስ ሴረም ነው። ቆዳ ላይ ሞክረን 1500 ዩኒት እንወጋለን። የፈረሱ ቫይረስ ሰው ላይ ሊመጣ ነው?

---

ተማሪው_ከጎንደር

ሲስተር፣ ይህ ፓርቮቫይረስ የፈረስ ጉበት ነው የሚወደው። ከፈረስ ወደ ሰው ተላልፎ ጉበት አሳመመ የተባለበት አጋጣሚ የለም። የሰው ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሌላ ሌላ ዘር ናቸው። እናንተ ቆዳ ላይ የምትሞክሩት ለአለርጂ ነው። የእንጅባራ ልጅ፣ የእጅሽ ጭረትም በዚህ በኩል አያስጨንቅሽ፤ ጓንት ግን አድርጊ።

ውርንጭላዋን በተመለከተ፣ በሽታው በብዛት የሚታየው ዐዋቂ ፈረስ ላይ ነው። ግን ደሟ ይታይ።

---

የታሪክ_ጥም ‖ ረቡዕ ማታ

ታይለር የሚለውን ስም ሳይ አላስቻለኝም። ሁለት ነገር ልበል።

አርኖልድ ታይለር ግራ እጁ የለም፤ ወጣት ሳለ የድርቆሽ መቁረጫ ማሽን ቆርጦት ነው። ያን ሁሉ የፈረስ ሬሳ የከፈተው በአንድ እጁ ነው። ልጁ ማክስ ታይለር ደግሞ የቢጫ ወባን ክትባት አግኝቶ በ1951 ኖቤል ተሸለመ። አሁን ጉዱን ስሙ፦ ያ ክትባት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዳይበላሽ የሰው ሴረም ይጨመርበት ነበር። በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች ሲሰጥ ከሴረሙ ጋር ሄፓታይተስ ቢ ገባና ወደ 50,000 ወታደር ታመመ። 330,000 ያህሉ ሳይያዙ አልቀሩም ተብሎ ተገመተ። አባትየው ፈረስ ላይ ያየውን ልጅየው በሰው ላይ አየው። አንድ ዓይነት ስሕተት፣ አንድ ቤተሰብ፣ 24 ዓመት ልዩነት።

ሁለተኛው የጋሪ ነጂው ጉዳይ ነው። ሴይንት ሉዊስ ከተማ ጂም የሚባል የወተት ጋሪ ይጎትት የነበረ ፈረስ ነበር። ለዲፍቴሪያ ሴረም ደም ሲሰጥ ኖረ። በ1901 ጂም ራሱ ቴታነስ ያዘው። ከዚያ በፊት የተቀዳው ደም ሳይጣል ቀርቶ ለሕፃናት ተሰጠና 13 ልጆች ሞቱ። አሜሪካ በማግስቱ ዓመት ስለ ሴረምና ክትባት ቁጥጥር ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

---

አስተባባሪ

የታሪክ ጥም፣ ያነሣኸው ደስ ይላል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ ግን ሌላ ክር ክፈትለት። ጠያቂዋ ጭንቅ ላይ ናት። ወደ ባዝራዋ እንመለስ።

---

የእንጅባራ_ልጅ ‖ ዓርብ፣ ሜይ 9

ዛሬ ንጋት ላይ ሞተች።

ረቡዕ ማታ ትንሽ ድርቆሽ በልታ ነበርና ተስፋ አድርገን ነበር። ሐሙስ ጋጣው ውስጥ መዞር ጀመረች፣ ወደ ቀኝ ብቻ፣ ትከሻዋ በግድግዳው እየተፋቀ። ዓይኗ አያይም። ውርንጭላዋ ስትጠራት ትቆማለች፣ ከዚያ ደግሞ ትዞራለች። ሌሊቱን ወደቀች። ሐኪሙ ጨረሰላት።

ለምርመራ ስለተከፈተች ጉበቷን አሳዩኝ። ፈረስ ሲታረድ ባላይም የበሬ ጉበት አውቃለሁ፤ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ይጠነክራል። የሷ ጠፍጣፋ ነው። ሲያነሡት እንደ እርጥብ የወለል ጨርቅ ከሁለቱም በኩል ተንጠለጠለ።

---

ጋሪ_ነጂው

እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ለፈረስ ይባል አይባል አላውቅም፣ እኔ ብያለሁ።

---

ጡረተኛው_ሐኪም

እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንጎሏ ድረስ ከወጣ በኋላ ከሚታመሙት ግማሹም ከዚያም በላይ ይሞታሉ። የሚተርፍ ፈረስ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ መብላት ይቀጥላል፤ ከተረፈ ደግሞ ጉበቱ ሙሉ ለሙሉ ይመለስለታል። ያን ረቡዕ ማታ ስትበላ እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር። አሁን የቀሩትን አስመርምሩ።

---

የእንጅባራ_ልጅ ‖ እሑድ፣ ሜይ 18

ውጤት መጣ። ባዝራዋ ደም ውስጥ ፓርቮቫይረሱ አለ። ውርንጭላዋ የለባትም፤ በዱቄት ወተትና በመኖ ይዘናታል፣ ባልዲውን በአፍንጫዋ ትገለብጠዋለች።

የገረመኝ ሌላ ነው። ከባዝራዋ ጎን ያለው ጋጣ ውስጥ የ19 ዓመት ኮልኮሌ አለን፤ የተኮላሸ፣ ጸጥ ያለ፣ በሕይወቱ ሴረም ተወግቶ የማያውቅ ነው ብላ ባለቤቱ ትምላለች። እሱም ቫይረሱ አለበት! ግን ይበላል፣ ይወፍራል፣ ምንም አልሆነ። አሁን ሐኪሙ «እንግዲህ ሴረሙ ይሁን ጎረቤቷ አይታወቅም» እያለ ትንሽ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። እኔ ግን ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም።

---

ተማሪው_ከጎንደር

ሴረም ያልነካቸው ፈረሶችም ይታመማሉ። ያለ ምንም ሴረም የታመሙ 10 ፈረሶች ተመርምረው 9ኙ ውስጥ ይኸው ቫይረስ ተገኝቷል፤ አብረዋቸው የነበሩት ጤነኞችም ከግማሽ በላይ ተይዘው ነበር። ያ የ2018ቱ ጥናት ላይ ደግሞ ከ100 ጤነኛ ፈረስ 13ቱ ደማቸው ውስጥ ይዘውት ተገኝተዋል። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ቻይናም አለ። ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ወራትና ዓመት ተሸክመውት ይኖራሉ። በአፍ ቢሰጣቸው እንኳን እንደሚይዛቸው በሙከራ ታይቷል፤ በአፍንጫ ፈሳሽና በእበትም ይወጣል። ተናካሽ ዝንብም ይጠረጠራል።

አሜሪካ ውስጥ ሴረም የሚሠሩት ደም የሚቀዳባቸውን ፈረሶች በፒሲአር መመርመር ጀምረዋል። ስለዚህ ሐኪሙ እውነት ሊኖረው ይችላል። የብልቃጡ ቁጥር ካለ ግን ይመርመር።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አትቀየሚኝ… የጉበቱ ፎቶ ይኖርሽ ይሆን? ለክፍል…

---

አስተባባሪ

ወንድማችን፣ ቢያንስ አርባዋ ይውጣ።

---

ጋሪ_ነጂው ‖ ሰኞ

ዶክተር፣ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። እዚህ ፈረስ ሲታመም መርፌ የሚወጋ ልጅ አለ። ሰርተፊኬት የለውም ግን እጁ ቀላል ነው ይባላል። አንድ ሲሪንጅ ይዞ ከመናኸሪያው አንድ ጫፍ ይጀምርና አሥር ፈረስ ይወጋል። መሐል ላይ ውኃ ውስጥ ነከር ያደርጋታል። ይሄ ነገር…?

ደግሞ የኔ ፈረስ አምና ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሽንቱ ቀይ ወጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ይሄ ነበር ማለት ነው?

---

ጡረተኛው_ሐኪም

የፈረስህ ነገር መዥገር ይመስለኛል። ከመዥገር የሚመጣ የደም ጥገኛ አለ፤ ቀይ የደም ሴልን ይሰብራል፣ ድዱ ገርጥቶ ቢጫ ይላል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ያተኩሳል። ከእነዚህ ጥገኞች አንደኛው ታይለሪያ ይባላል፤ አዎ፣ ያው ባለ አንድ እጁ ሰውዬ፣ ስሙ እዚያም አለ። እሱ መድኃኒት አለው። ረግረግ ቦታ የሚግጡ አህያና ፈረሶች ደግሞ የጉበት ትል ያገኛቸዋል። ቢጫ ያየህ ሁሉ ቫይረስ አይደለም፣ አገራችን ውስጥ በተለይ።

ስለ ሲሪንጁ ግን ልክ ነህ። ውኃ ውስጥ መንከር ማጠብ አይደለም። የአንዱ ፈረስ ደም አሥረኛው ፈረስ ውስጥ ገባ ማለት ልጁ ራሱ ሳያውቀው ብልቃጥ የሌለው ሴረም አምራች ሆነ ማለት ነው። ጥርስ የሚሞረድበት ሞረድም እንደዚያው ነው፤ ድድ ይደማል፣ ሞረዱ ሳይታጠብ ወደ ሚቀጥለው አፍ ይገባል። ለልጁ አሥር መርፌ ግዛለት። ዋጋው ከአንድ ቀን ገብስ አይበልጥም።

---

ጋሪ_ነጂው

የዛሬ ገብስ ዋጋ ሳይሰሙ ነው ዶክተር። ግን እሺ።

---

የእንጅባራ_ልጅ ‖ ማክሰኞ፣ ጁን 10

ተመልሼ መጣሁ፣ አሁን በአባቴ ጉዳይ ነው። ትናንት ፈረሱ ሚስማር ረግጧል፤ የኋላ ቀኝ እግሩ፣ ሰኮናው መሐል፣ ጥልቅ ነው። ክትባት በሕይወቱ አያውቅም። የሰፈሩ ሐኪም መርፌ ይዞ መጣ። አባቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ የኔን ለቅሶ ሲሰማ ስለነበር «ቆይ ልጄን ልጠይቅ» ብሎ ሰውየውን በር ላይ አቁሞ በቪዲዮ ደወለልኝ። ብልቃጡን ካሜራው ላይ ለጠፈው፣ ጣቱን ብቻ ነው የማየው። አራቅ አድርግ፣ አዙር፣ ገልብጥ ስል ስል በመጨረሻ አነበብኩት። አንቲቶክሲን ነው። ሴረም። ቶክሶይድ አለ ወይ ብዬ አስጠየቅኩ፣ የለም። ሐኪሙ እየጠበቀ ነው፣ አባቴ እየጠበቀ ነው። ቶሎ መልሱልኝ።

---

ጡረተኛው_ሐኪም ‖ ከ6 ደቂቃ በኋላ

ይወጋ።

ጥልቅ የሰኮና ቁስል፣ ያልተከተበ ፈረስ፣ የበረት አፈር፤ የቴታነስ አደጋው ከሴረሙ አደጋ እጅግ ይበልጣል። ሴረም ከሚወጉ ፈረሶች የታይለር በሽታ የሚይዛቸው ጥቂቶች ናቸው። አዲስ መርፌ፣ አዲስ ሲሪንጅ ይሁን። ቁስሉ ይከፈት፣ ይታጠብ፣ አይታሸግ። የብልቃጡን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቶክሶይድ ሲገኝ ደግሞ ይከተብ፣ ለሚቀጥለው ሚስማር።

---

የእንጅባራ_ልጅ ‖ ከ40 ደቂቃ በኋላ

ተወጋ። «ውጉት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስናገረው ድምፄ እንደተንቀጠቀጠ አባቴ ሰምቶኛል መሰለኝ ምንም አላለኝም።

ዛሬ ሰኔ 3 ነው። አራት ሳምንቱ ሐምሌ 1፣ አሥሩ ነሐሴ 13 ላይ ይወድቃል። በዚያ መሐል በየጠዋቱ ድዱን ገልብጦ እንዲያይ፣ ካዛጋ ወይ ገብሱን ከተወ እንዲደውል ነገርኩት። የፈረንጅ ቀን ስነግረው ግራ ገባው፣ በኛ ስነግረው ሳቀ።

«እስከ ቡሄ በለኛ» አለኝ።